ቀረጡ ቀነሰ፤ ግራውንዱስ?

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ከላካችሁልን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል።

ሻጩ «መንግሥት ስለሚደግፈው ከቀረጥ ነፃ ነው» አለኝ። እውነት ነው? (ከሜክሲኮ)

ግማሹ ብቻ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ሚኒስቴር ውሳኔ መሠረት፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ይከፍላል። ዜሮው ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ነው። ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ቫት ግን ለሦስቱም ተነሥቶ ነበር። ቀረጡ የሚሰላው መድንና ማጓጓዣ ተደምሮ ነው፤ ድምሩ 2 ሚሊዮን ብር ከሆነ 15 በመቶው 300,000 ብር ይመጣል። የሚያዘው ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ ሰነድ) በተመዘገበበት ቀን የሚሠራው ታሪፍ ስለሆነ፣ ቀብድ ሳይከፍሉ ትራንዚተርዎ የዕለቱን ስሌት፣ ቫቱን ጭምር፣ በወረቀት ይስጥዎት።

የቤንዚን መኪናዬን መሸጥ ተከለከለ እንዴ? (ከአራት ኪሎ)

አልተከለከለም። ጥር 2016 ይፋ የተደረገው ክልከላ ከውጭ ማስገባትን ነው።

ቤቴ ስሰካው ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ እምቢ ይላል፤ ምጣዱ ግን በዚያው ሶኬት ይሠራል። (ከፒያሳ)

ምጣድ ግራውንድ (ያፈሰሰ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ባይኖርም ይግላል፤ ቻርጀር ግን ግራውንዱን ፈትሾ ነው የሚጀምረው። በድሮ ቤቶች ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ጋ የደረሱት ፌዝና ኒውትራል ብቻ ናቸው፤ የግራውንድ ብረቶቹ ከምንም አልተያያዙም። አንዳንድ ባለሙያ ኒውትራሉን በቁራጭ ሽቦ ከግራውንዱ ጋር ያገናኝና «ይኸው ሠራ» ይላል። ቀዩ መብራት በርግጥ ይጠፋል። ኒውትራሉ ቆጣሪው ጋ የላላ ዕለት ግን የመኪናው ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ይይዛል። እንዲህ እንዳያሠሩ! ትክክለኛው መንገድ እርጥብ አፈር ውስጥ የመዳብ ዘንግ መቅበር፣ ከዘንጉ እስከ ሶኬቱ ለብቻው ሽቦ መሳብና 30 ሚሊአምፔር የፍሳሽ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋ) መግጠም ነው።

ሌላም አለ። ባለ 16 አምፔር ቻርጀር ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ አንድ የእንጀራ ምጣድ በሉት። ምጣድ እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግን ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። በዲቫይደር የሰኩ ሰዎች ፕላስቲኩ የሚቀልጥባቸው ለዚህ ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው ባለ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት) መስመር ያስወጡ፤ ቻርጀሩ ባለ 32 አምፔር ከሆነ ከ6 ካሬ አይነስ። በመጀመሪያው ቀን ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅዎ ይዳስሱት፤ ካቃጠለ ያጥፉና ብሎኖቹን ያስጠብቁ። ቆጣሪዎ ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ መጋገርና መሙላት በተመሳሳይ ጊዜ አይሁን።

ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ሄጄ መሰኪያው አልገባም አለ። (ከካዛንቺስ)

ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች፣ የፎልክስዋገኑ አይዲ 6 ጭምር፣ የጂቢቲ (የቻይና የቻርጅ ደረጃ) ቀዳዳ ነው ያላቸው፤ ባለ 7 ፒኑ ለቀስታው፣ ባለ 9 ፒኑ ለፈጣኑ። የቀስታው ከአውሮፓው መሰኪያ፣ ከታይፕ ቱ ጋር መንታ ይመስላል፤ ወንድና ሴቱ ግን ተገላብጧል። ለቀስታው አዳፕተር ይበቃል። ለፈጣኑ ግን አዳፕተሩ የመኪናውንና የጣቢያውን «ንግግር» ማስተርጎምም አለበት፤ ርካሹ መሐል ላይ ያቋርጣል። ከመሄድዎ በፊት ደውለው «የጂቢቲ ገመድ አላችሁ?» ይበሉ።