የመጀመሪያው የኦስካር ምሽት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ መጀመሪያው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሽልማት (ኦስካር) ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሽልማቱ በ15 ደቂቃ አለቀ» ማለቴን ያላመኑ አንባቢ አሉ።

ይመኑኝ። ሜይ 16 ቀን 1929፣ በእኛ ግንቦት 8 ቀን 1921 መሆኑ ነው፣ 270 ያህል እንግዶች ሆሊውድ በሚገኘው ሩዝቬልት ሆቴል ራት ተጋብዘው ነበር። ምግቡ፣ ጭፈራውና ንግግሩ ሰዓታት ወስዷል። ሐውልቶቹን ማደሉ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የፈጀው። አሸናፊዎቹ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ስለታወቁ ልብ የሚሰቅል ነገር አልነበረም። የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ዳግላስ ፌርባንክስ ስም እየጠራ ሰጠ፣ በቃ።

ሁለት ጓደኛሞች ተወራርደዋል። አንዱ የመጀመሪያው ምርጥ ፊልም «ዊንግስ» ነው ይላል፣ ሌላው «ሰንራይዝ» ነው ብሎ ድርቅ ብሏል።

በመዝገቡ ከሄድን ገንዘቡ የሚገባው ለ«ዊንግስ» ደጋፊ ነው። ግን ሌላውም ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ያን ዓመት ሁለት ትልልቅ የፊልም ሽልማቶች ነበሩ። አንዱ የላቀ ፊልም ለሚባለው፣ ሁለተኛው ደግሞ ልዩና ኪነ ጥበባዊ ለሆነ ሥራ። የአንደኛው ዓለም ጦርነት አብራሪዎችን ታሪክ የሚተርከው «ዊንግስ» የመጀመሪያውን ሲወስድ፣ የዳይሬክተሩ የሙርናው «ሰንራይዝ» ሁለተኛውን ወሰደ። አካዳሚው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛውን ዘርፍ ሰረዘና ዋናው የ«ዊንግስ» ነው አለ። ፊልምን በሥራው ብቻ የሚመዝን ዘርፍ በአንድ ዓመቱ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያዋ ምርጥ ተዋናይት ጃኔት ጌይነር እንዴት በሦስት ፊልም አንድ ሽልማት ታገኛለች?

ያኔ የሚሸለመው ተዋናዩ በውድድሩ ዘመን የሠራው ሥራ በጠቅላላ ስለነበር ነው። በ«ሰቨንዝ ሄቨን»፣ በ«ስትሪት ኤንጅል» እና በ«ሰንራይዝ» ተሸለመች። ዕድሜዋ 22 ነበር። ለምን እንደተገባት ማየት የፈለገ የ«ሰንራይዝ»ን የትራም ትዕይንት ይመልከት። ባሏ ሐይቅ ውስጥ ሊያሰጥማት አስቦ ሳይሆንለት ቀርቷል። እሷ ሸሽታ ትራም ላይ ወጥታለች፣ እሱም ተከትሏታል። እሷ አንገቷን ደፍታለች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ ሊነካት አይደፍርም፣ ከመስኮቱ ውጭ ጫካውና ሐይቁ እያለፉ ከተማው ይመጣል። ቻርልስ ሮሸርና ካርል ስትራስም ለዚህ ፊልም ቀረጻ ተሸልመዋል።

«የመጀመሪያው ምርጥ ተዋናይ የተሸለመባቸውን ሁለቱንም ፊልሞች የት ላግኝ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ኤሚል ያኒንግስ የተሸለመው በ«ዘ ላስት ኮማንድ» እና በ«ዘ ዌይ ኦፍ ኦል ፍሌሽ» ነው። ወደ ጀርመን ሊመለስ ስለነበር ሐውልቱን ከሥነ ሥርዓቱ ቀደም ብሎ ተቀበለ። ስለዚህ ኦስካርን በእጁ የያዘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። (በኋላ ለናዚዎች ፕሮፓጋንዳ መሥራቱ ስሙን አጉድፎታል።) የመጀመሪያውን ፊልም ዛሬም ማየት ይችላሉ። ሁለተኛውን ግን እርስዎም እኔም አናየውም። ከጥቂት ቁርጥራጮች በቀር ጠፍቷል።

አስቡት። ዓለም ያጨበጨበለት ትወና ነው፣ በወርቅ የተለበጠ ሐውልት ተሰጥቶበታል፣ ፊልሙ ግን የለም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 11,000 ገደማ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ ቅርጻቸው ሙሉ ሆነው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው። የዚያን ዘመን ናይትሬት ፊልም እንደ ጭድ ይነዳል። የ«ሰንራይዝ» ዋና ኔጋቲቭም በ1937 በፎክስ ስቱዲዮ መጋዘን ቃጠሎ ነዷል። ዛሬ የምናየው ከተረፉ ቅጂዎች የተወሰደውን ነው። ከእሳቱ የባሰው ግን ንቀቱ ነው። በዚያው የ1929 ምሽት ዋርነር ብራዘርስ የተባለው ስቱዲዮ ድምፅ ላለው ፊልሙ ለ«ዘ ጃዝ ሲንገር» ልዩ ሽልማት ተሰጥቶታል። ድምፅ ሲመጣ ድምፅ አልባው ፊልም ገበያ አጣ፣ ገበያ ያጣውን ደግሞ ስቱዲዮዎቹ ቦታ ያዘብን ብለው ጣሉት፣ ወይም ውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት አቀለጡት።

ይህ የሆሊውድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ዛሬ ጥርት ብሎ የሚታየው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ያሉ የፊልም መዛግብት ባለሙያዎች ስላደሱት ነው። የአካዳሚው ሙዚየም በ2021 ሲከፈት ኃይሌን ሸልሟል፣ ደስ ብሎኛል። የእኛን የቀሩትን ፊልሞች ግን ሽልማት አያተርፋቸውም። ቅጂ፣ ቀዝቃዛ ክፍልና ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ይፈልጋሉ።

አንዲት እህት አባታቸው በጃንሆይ ዘመን የቀረጹት 16 ሚሊሜትር ፊልም በቆርቆሮ ተቀምጦ አግኝተዋል። ሲከፍቱት አቼቶ አቼቶ ሸቷቸዋል። ፕሮጀክተር ተውሰው ግድግዳ ላይ እያሳዩ በሞባይል ሊቀርጹት አስበዋል።

እባክዎ እህቴ፣ አያድርጉት። ሽታው ፊልሙ መበስበስ መጀመሩን ነው የሚነግርዎት። እንዲህ ያለ ፊልም ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ፕሮጀክተሩ ጥርስ ላይ ሲገባም ይቀደዳል። አይጠቡት፣ አያጽዱት፣ ከሌሎች ፊልሞችና ፎቶዎች ለይተው ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ቆርቆሮው ላይ አባትዎ የጻፉት ነገር ካለ ፎቶ አንሱት። ከዚያ የፊልም መዛግብት ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። ሰፈር ያለው ፎቶ ቤት አይበቃም። አዲስ አበባ ካሉ ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይጀምሩ፣ እነሱ መሣሪያው ከሌላቸው ማን ዘንድ እንዳለ ይጠይቋቸው። «ነገ ዛሬ» ሳይሉ በዚህ ወር ይሂዱ።

አንድ አዘጋጅ የከተማቸውን የፊልም ሽልማት «ኦስካር» ሊሉት ይፈልጋሉ።

ስሙ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። ጠበቃ ያማክሩ።

የመጀመሪያው ምሽት መግቢያ ስንት ነበር?

5 ዶላር።