ጅቡቲ ከተማ ገበያው ከቀትር በኋላ ክፍት ነው ወይ ላልሽው

በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ላይ እንዳትወጪ፣ ዝግ ነው የሚጠብቅሽ። በሙቀቱ ምክንያት አብዛኛው ሱቅ ከ6 ሰዓት ገደማ እስከ 10 ሰዓት ይዘጋል። ወይ በጠዋት፣ ወይ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሂጂ። ዓርብ ደግሞ የዕረፍት ቀን ነው።

ማህሙድ ሃርቢ አደባባይ ውረጂ፤ የድሮ ስሙ ራምቦ ነው። የሐሙዲ መስጊድን ሚናራ ካየሽ ደርሰሻል፣ ገበያው እዚያው ነው። ትንሽ በእግር ሄድ ብትዪ የቀድሞው ምኒልክ አደባባይ አለ። በረንዳዎቹ ጥላ አላቸው፣ አረፍ በዪ።

አደራ፣ ቀጠሮ ስትይዢ በማን ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ አጣሪ። እኔ ከአንድ ሹፌር ጋር «በ4» ተባብለን ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ሲጠብሰኝ ዋለ። ሰውየው የመጣው በእነሱ ከቀትር በኋላ 4፣ በእኛ 10 ሰዓት ነው።