ቤታ ሲወጣ ቁጥሩ የሚጨምረው ለምንድን ነው?

"አዮዲን-131 ቤታ ሲለቅ አንድ ነገር እየወጣበት እንዴት አቶሚክ ቁጥሩ ከ53 ወደ 54 ይጨምራል?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ እኔም 12ኛ ክፍል እያለሁ የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። ከ53 ላይ 1 ቀንሼ ቴሉሪየም ብዬ ጻፍኩ። አሁን ልጆች ሳስጠናም ብዙዎቹ ያንኑ ቴሉሪየም ይጽፉልኛል።

ጣጣው ያለው ኤሌክትሮኑ ላይ ነው። ቤታ (እዚህ ላይ ቤታ ማይነስ) የምንለው ከኒውክለሱ፣ ማለትም ከአቶሙ እምብርት፣ የሚወጣ ኤሌክትሮን ነው። ከላይ የሚጻፈው የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር፣ ከታች ደግሞ አቶሚክ ቁጥሩ፣ ማለትም የፕሮቶን ብዛት ነው፤ ኤሌክትሮን ግን ሲጻፍ ከላይ 0፣ ከታች −1 ነው። ያቺ የመቀነስ ምልክት ከተረሳች ሁሉም ነገር ይበላሻል። ከቀስቱ በስተግራ ከታች 53 አለሽ። በቀኝ በኩል ደግሞ የማታውቂው ቁጥርና −1 ተደምረው 53 መምጣት አለባቸው፣ ስለዚህ ከ54 ሌላ የሚሆን ቁጥር የለም። ከላይ 131 እንዳለ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ነው ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ 54ን የምትፈልጊው። አደራ፣ ስሙን ገምተሽ አትጀምሪ።

ከላይ ያለውን ቁጥር አስቀድሜ ስጽፈው እንዲህ ነው፦

አዮዲን (131፣ 53) → ዜነን (131፣ 54) + ኤሌክትሮን (0፣ −1) + አንቲኒውትሪኖ (0፣ 0)

ደግሞ ኤሌክትሮኑ በኒውክለሱ ዙሪያ ከሚዞሩት አንዱ እንዳይመስልሽ። ውስጥ ያለ አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ሲቀየር እዚያው የሚፈጠር ነው። ቆጥረሽ እይው፦ አዮዲኑ 53 ፕሮቶንና 78 ኒውትሮን ነበረው፣ ዜነኑ 54 እና 77 አለው። የወጣ ፕሮቶን የለም፣ እንዲያውም አንድ ተጨምሯል። ይህን በእጄ ቆጥሬ ካየሁ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

አንቲኒውትሪኖው (ቻርጅ የሌለው በጣም ቀላል ቅንጣት) ሁለቱም ቁጥሩ ዜሮ ስለሆነ ባላንሱን አይነካም። የፊዚክስ ሊቁ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1930 እንዲህ ያለ ቅንጣት መኖር አለበት ያለው፣ የሚወጣው ኤሌክትሮን ይዞ መውጣት የነበረበት ኃይል እየጎደለ ስላስቸገረ ነው።

ቤታ ፕላስ ላይ ተቃራኒው ነው። ፔት ስካን በሚባለው የሕክምና ምርመራ የሚጠቀሙበት ፍሎሪን (18፣ 9) ፖዚትሮን (0፣ +1)፣ ማለትም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የኤሌክትሮን አምሳያ፣ ለቆ ኦክስጅን (18፣ 8) ይሆናል።

ፈተና ላይ የሚያምታታው ግን ኤሌክትሮን ካፕቸር (ኒውክለሱ ኤሌክትሮን ሲውጥ) ነው፣ ምክንያቱም ኤሌክትሮኑ የሚጻፈው ከቀስቱ በስተግራ ነው፦ ፖታሲየም (40፣ 19) + ኤሌክትሮን (0፣ −1) → አርጎን (40፣ 18)፣ ኒውትሪኖም ይወጣል። የሐዳር የእሳተ ገሞራ አመድ ተለክቶ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት የተባለው በዚህ አርጎን ነው። እኔ ይህን ስሰማ ነው ትምህርቱን የወደድኩት።

አሁን ሲዚየም-137ን ራስሽ ሞክሪው። አቶሚክ ቁጥሩ 55 ነው፣ ቤታ ማይነስ ይለቃል። ሠርተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።