የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ማንሻ ሊፍት ከመግዛትዎ በፊት ወለልዎን ይወቁ

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜዬ የራሴንና የባለቤቴን መኪና በቤታችን ጋራዥ ውስጥ እጠግናለሁ። እስካሁን በክሪክ እያነሳሁ፣ በአራት የብረት መቆሚያዎች ላይ እያሳረፍኩና በጀርባዬ እየተኛሁ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ወገቤ እምቢ ስላለኝ ሊፍት ለመግዛት ቆርጫለሁ። አንድ ሰው ያገለገለ ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት ሊሸጥልኝ ፈቅዷል። ታላቅ ወንድሜም «4 ቶን ያነሳል ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከመኪኖቻችሁ የሚከብደው 2.1 ቶን ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል። የጋራዡ ጣሪያ ከፍታ 2.9 ሜትር፣ ስፋቱ ደግሞ 3.4 ሜትር ነው። ወለሉ ኮንክሪት ቢሆንም ውፍረቱን አላውቅም። የምሠራው ሥራ ዘይት መቀየር፣ ፍሬን፣ ጎማና ሾክ አብዞርበር ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ የጠቀሱት ቁጥር ስህተት የለበትም። 4 ቶን የተባለው አቅም ለአራቱ ክንዶች የሚካፈል በመሆኑ አንዱ ክንድ እንዲሸከም የተፈቀደለት 1 ቶን ነው። ሞተሩ ከፊት የሆነ 2.1 ቶን መኪና ከክብደቱ 60 በመቶውን ወደ ፊት ቢጥል እንኳ በእያንዳንዱ የፊት ክንድ ላይ የሚያርፈው 630 ኪሎ ግራም ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ስጋት አይግባዎት። ሆኖም መኪና ከሊፍት ላይ የሚወድቀው ሊፍቱ አቅም ሲያንሰው ብቻ አይደለም። ወለሉ ሊፍቱ የታሰረበትን ብሎን ሲለቅ፣ ክንዱ ከማንሻ ነጥቡ ላይ ሲንሸራተት ወይም መቆለፊያው ሳይዝ ሲቀርም ይወድቃል፤ ስለ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በብረቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም አይነግርዎትም።

ከሁሉ በፊት ወለሉን እንመልከት። ባለ ሁለት ምሰሶ ሊፍት መኪናውን የሚይዘው ከምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ በተዘረጉ ክንዶች ስለሆነ፣ ክብደቱ ምሰሶዎቹን ወደ ታች ከመጫን አልፎ ወደ መሐል ሊያጋድላቸው ይሞክራል፤ ያን ጊዜ በውጭው በኩል ያሉት ብሎኖች እንደ ሚስማር ወደ ላይ ይሳባሉ። ይህን ጉተታ የሚቋቋመው ብሎኑን አንቆ የያዘው ኮንክሪት ብቻ ነው። በዚህ አቅም ላሉ ሊፍቶች አምራቾች በተለምዶ የሚጠይቁት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 21 ሜጋ ፓስካል ያህል ጥንካሬ ያለውና ከተሞላ 28 ቀን ያለፈው ኮንክሪት ሲሆን፣ ከዚህ የበለጠ የሚጠይቁም ስላሉ የመጨረሻው ዳኛ የሊፍቱ መመሪያ ነው። አስፋልት ላይ፣ በሴራሚክ ንጣፍ ላይ፣ እንዲሁም በስንጥቅና በወለል መጋጠሚያ አጠገብ ብሎን አይመታም።

ውፍረቱን ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። የውኃ ቱቦም ሆነ የኤሌክትሪክ መስመር እንደማያልፍበት ባረጋገጡበት ጥግ፣ በኮንክሪት መብሻ ቀጭን ቀዳዳ ወለሉ እስኪያልቅ ይብሱ። ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጠንካራ ሽቦ ወደ ቀዳዳው አስገብተው የወለሉን የታችኛውን ጠርዝ እስኪይዝ ወደ ላይ ይሳቡት፤ ሽቦውን ከወለሉ ጋር እኩል በሆነበት ቦታ በጣትዎ ይዘው ካወጡ በኋላ በሜትር ይለኩት። ቦታው ሁሉ አንድ ዓይነት ላይሆን ስለሚችል በሁለት ወይም በሦስት ስፍራ ይድገሙት። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ባየሁት ጋራዥ ውስጥ ወለሉ በበሩ በኩል የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ውፍረት ነበረው፤ ምሰሶው ሊቆም በታሰበበት ቦታ ግን ከሁለት ጣት አይበልጥም ነበር። ከላይ ሲያዩት አንድ ወጥ ይመስላል።

በእርስዎ ጉዳይ ላይ ግን ወለሉ ቢያልፍ እንኳ ሜትሩ አያሳልፍም። ምሰሶዎቹ ከላይ በድልድይ የሚገናኙበት ሊፍት ቁመቱ ብዙውን ጊዜ 3.6 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከጣሪያዎ በታች አይገባም። ድልድዩ በወለል ላይ የሚዘረጋው ዓይነት ያጥራል፤ ይሁንና 1.7 ሜትር ቁመት ያለው መኪና ቢጭኑበት፣ ከጣሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንኳ ቢተርፍዎ ማንሳት የሚችሉት እስከ 1.1 ሜትር ነው፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ ከሥር ቆሞ መሥራት አይቻልም። ስፋቱም ቢሆን ምሰሶዎቹን ከነመሠረታቸው አቁሞ የመኪናውን በር ለመክፈትና በጎን ለማለፍ አይበቃም። ስለዚህ ያን ሊፍት ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እንዳይገዙ እመክርዎታለሁ።

ለዘረዘሩት ሥራ ይበልጥ የሚስማማዎት እንደ መቀስ ተከፍቶ እስከ 1 ሜትር ገደማ የሚያነሳው ዝቅተኛ ሊፍት ነው። መኪናውን ከሥሩ በጎንና በጎን ደግፎ ስለሚያነሳ ጎማዎቹ ነጻ ሆነው ይንጠለጠላሉ፤ ፍሬኑንና ሾክ አብዞርበሩን ጎንበስ ሳይሉ፣ ዘይቱን ደግሞ በአጭር በርጩማ ተቀምጠው ይሠራሉ። ሲገዙ መሐሉ ክፍት የሆነውን፣ ማለትም ሁለቱ መደቦች ለየብቻቸው የሚነሱትን ይምረጡ፤ መሐሉ የተዘጋው ዓይነት የዘይት ማውጫውን ብሎን ሊሸፍንብዎት ይችላል። ይህም ቢሆን ጠንካራና በውኃ ልክ የተስተካከለ ወለል ይፈልጋል፤ በብሎን ይታሰር የሚል መመሪያ ካለውም ይታሰራል።

የትኛውንም ዓይነት ቢገዙ ከሁሉ አብልጠው መመርመር ያለብዎት መቆለፊያውን ነው። መኪናን በፈሳሽ ግፊት የማንሳት ሐሳብ በ1925 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ለነበረው ለፒተር ሉናቲ የመጣለት ከፀጉር አስተካካይ ወንበር እንደሆነ ይነገራል። ያረጀ የፀጉር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ይወርዳል። የሊፍት ፖምፓና ሲሊንደርም ጎሚኒው ሲያረጅ እንዲሁ ነው። ስለዚህ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት የሚያነሳ እንጂ የሚሸከም መሆን የለበትም። ጥሩ ሊፍት ሲነሳ መቆለፊያው በየጥርሱ ሲያልፍ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በግራና በቀኝ ያለው ድምፅም አብሮ የሚሄድ መሆን አለበት። የፈለጉት ከፍታ ላይ ሲደርሱ እዚያው አያቁሙት። መቆለፊያው ካለፈ በኋላ መልሰው ጥቂት በማውረድ ክብደቱ በሁለቱም ወገን በብረቱ ጥርስ ላይ ማረፉን በዓይንዎ ካላረጋገጡ በቀር ከሥር እንዳይገቡ። ከዚህም ሌላ ቱቦ ቢፈነዳ አወራረዱን የሚገታ ቫልቭ እንዳለው ሻጩን ይጠይቁ።

ያገለገለ ሊፍት ሌላ ቦታ ካጋጠመዎት፣ መጀመሪያ የሚያዩት ሞዴሉና አቅሙ የተጻፈበትን የብረት ሰሌዳ ነው፤ እሱ ከሌለ ይመለሱ። ቀጥሎ ብየዳዎቹን በመብራት ይመርምሩ፤ ሌላው ቀለም አርጅቶ ብየዳው ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካዩ፣ ያ ቀለም የተቀባው ለውበት እንዳልሆነ ይጠርጥሩ። ካቦው ላይ የተበጠሰ ክር ካለ ይለወጥ። የወለል ብሎኖቹ ግን ምንም ቢያምሩ ዳግመኛ ስለማይመቱ በአዲስ ይተኩ።

ለአዲሱ ደግሞ ማስታወቂያውን ሳይሆን የፈተናውን ማስረጃ ይጠይቁ። በ1945 የተመሠረተው የአሜሪካው አውቶሞቲቭ ሊፍት ኢንስቲትዩት በገለልተኛ ላቦራቶሪ ተፈትነው ያለፉትን ሞዴሎች ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል፤ በአውሮፓ የተሽከርካሪ ማንሻዎች ደረጃ ኢኤን 1493 ይባላል። በማስረጃው ላይ የሰፈረው የሞዴል ቁጥር በሰሌዳው ላይ ካለው ጋር ፊደል ሳይቀር አንድ መሆን አለበት፤ «የዚህ ኩባንያ ምርት ሁሉ ተፈትኗል» የሚል መልስ አይበቃም።

መኪናውን በጫኑ ቁጥር የማንሻ ነጥቦቹን ከመኪናው መመሪያ ላይ ይለዩ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ በተለይ የሊፍቱ መያዣ ከሥር ባለው ባትሪ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ። ጎማዎቹ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲለቁ ያቁሙና መከላከያውን ገፋ ገፋ ያድርጉት። ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተንሸራተተ መልሰው ያውርዱት፤ ከዚያ ከፍታ ቢወድቅ ጉዳቱ ከላይ ሲወድቅ ከሚደርሰው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ምሰሶ ሊፍት አለኝ። አንዱን መኪና ከላይ ሰቅዬ ሌላውን ከሥሩ ማሳደር አደጋ አለው? ትናንሽ ልጆችም አሉን።

መልስ፦ ባለ አራት ምሰሶ ሊፍት ላይ መኪናው በገዛ ጎማው ስለሚቆም ለዚህ ሥራ ከሌሎቹ ይሻላል፤ አቅሙም ከላይ ከሚያድረው መኪና ክብደት በላይ መሆን አለበት። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማዎቹን በማገጃ ያስደግፉ፣ አራቱም መቆለፊያዎች መያዛቸውን ምሰሶ ለምሶሶ ዞረው ይመልከቱ፤ ሦስቱን አይቶ አራተኛውን መገመት የለም። ከላይ የሚንጠባጠበው ዘይት የታችኛውን መኪና ቀለም እንዳያበላሽ ከሥሩ ሳሕን ያድርጉለት። ስለ ልጆቹ ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያው በቁልፍ የሚዘጋ ይሁን፤ ካልሆነም ብሬከሩን አጥፍተው ሳጥኑን ይቆልፉት። የማውረጃው እጀታ በብዙ ሊፍቶች ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚሠራ፣ እሱንም የሚሸፍን የሚቆለፍ ክዳን ያሠሩለት።