ነዳጅ ላይ ለመንገድ የሚቆረጠው ፍትሃዊ ነው ወይ?
ወንድሜ፣ መኪና የሌለው ሰው በነዳጅ በኩል ለመንገድ ለምን ይከፍላል ላልከው፣ እኔ ግማሽ በግማሽ ነኝ። ሀሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ብዙ የነዳ ብዙ ይቀዳል፣ ብዙ የቀዳ ብዙ ይከፍላል፣ በቃ። የመንገድ ፈንድ በ1989 ሲቋቋም ዋና ገቢው ይሄው የነዳጁ ነው፣ ብሩም ለጥገና ነው እንጂ ለአዲስ መንገድ አይደለም (ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል)።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። እኔ ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ ባጃጅ ነው የምሰራው፣ በመተማ መስመር የሚመጣው ተሳቢ ጭነቱን ይዞ በጎኔ ሲያልፍ የአስፋልቱ ንዝረት በመሪዬ ላይ ይሰማኛል። አንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን መንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል ይላሉ የመንገድ ኢንጂነሮች፣ ነዳጅ ግን 16 እጥፍ አይቀዳ! የገጠሩ የናፍጣ ወፍጮስ? አንድ ሜትር መንገድ ሳይረግጥ ነው የሚከፍለው፣ እሱ ዞሮ ዞሮ እናቴ ጤፍ ስታስፈጭ ይመጣባታል።

አሁን ደሞ ኤሌክትሪክ መኪናው በዛ፣ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በተለይ፣ እነሱ ማደያ አይደርሱ፣ ጎማቸው ግን እኛው መንገድ ላይ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ የነዳጁ ይቆይ፣ ግን ቦሎ ሲታደስ በክብደት ይጨመርበት፣ ኤሌክትሪኩም ጭምር።