«መጀመሪያ ሱሱን ተው» ለምትሉ ልጆቼ

በቅርቡ ለልምምድ የመጣች አንዲት የነርሲንግ ተማሪ «ሲስተር፣ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ መወጋቱን ላልተወ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒት መስጠት ብክነት አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ጎበዝ ልጅ ናት። ግን ይህንኑ ነገር ከዓመታት በፊት እዚሁ ድሬዳዋ ሰምቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በ1998 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ብዙም አልቆየም፤ «የዕድሜ ማራዘሚያ» እንለው ነበር። አንድ የገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ ይመጣ ነበር። ሄሮይን መወጋት የለመደው ስደት ላይ ሳለ ነው። በድሬ የግንቦት ሙቀት ሁላችንም በላብ ተጠምቀን፣ እሱ ረጅም እጅጌ ሸሚዙን እስከ አንጓው ቆልፎ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ለሲዲ4፣ የሰውነት የመከላከል አቅም ለሚለካበት ምርመራ፣ ደም ሊሰጥ ገባ። ባለሙያው ክንዱን አስሮ ቢፈልግ ቢፈልግ ሥር አጣ። ወጋ፣ አጣ፤ ደግሞ ወጋ። በመጨረሻ «ምን አድርገኸው ነው?» ብሎ ጮኸበት፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ልጁ አልተቆጣም። እጁን ገልብጦ ከአውራ ጣቱ በታች ያለችውን ቀጭን ሥር አሳየውና «እዚህ ጋ ትገኛለች፣ ግን በትንሿ መርፌ» አለው ቀስ ብሎ።

ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒት በአስቸኳይ የሚያስፈልገው ሆነ። ወሳኞቹ ግን «መጀመሪያ ሱሱን ይተው፤ አለበለዚያ ያቋርጠዋል» አሉ። «እሺ» ብሎ ወጣ። የት ሄዶ፣ በምን እንደሚተው የነገረው የለም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማውን አስለቀሰ። መድኃኒታቸው ከነቤታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ሲመጡ ማንም «ለምን አልጠበቅከውም» አላለም፤ ወዲያው ተሰጣቸው። መስጠት እንችል ነበር ማለት ነው። ጥቅምት ላይ እህቱ መጥታ በቲቢ መሞቱን ነገረችን።

በፈረንጆቹ 2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ የተሠራው በዩክሬን፣ በቬትናምና በኢንዶኔዥያ ነው። ቫይረሱ ያለባቸው መርፌ የሚወጉ ሰዎች ነበሩ። ለአንዱ ቡድን ከክፍል ክፍል የሚያደርሰው፣ ቀጠሮ የሚያስታውሰውና ቁጭ ብሎ የሚያዋየው ሰው ተመደበለት፤ ሲዲ4ቱ ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱን እንዲጀምርም ታገዘ። በዓመቱ ከዚህ ቡድን ከ100 ሰው በ41ዱ ቫይረሱ ተገትቶ ተገኘ፤ በተለመደው አሠራር ግን በ24ቱ ብቻ። ሞቱም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ይህን ሳነብ ልጁን አሰብኩት፤ የጎደለው ይኼው አብሮት የሚሄድ ሰው ነበር።

እናንተ የዛሬ ልጆች ታብሌቱ ላይ አቀርቅራችሁ ፎርም ትሞላላችሁ፣ የሰውየውን ፊት ሳታዩት ይወጣል። ይህ አይገባኝም። በሌላ በኩል እኛ ያላነበብነውን ታነባላችሁ፣ ሱስ በሽታ መሆኑንም ከእኛ ቀድማችሁ ተረድታችኋል። አትስበኩ። «ስንት ጊዜ ሳትወስደው ቀረህ?» ብላችሁ ከማፋጠጥ «መዋጥ የሚከብድህ የትኛው ሰዓት ላይ ነው?» በሉት፤ ያኔ እውነቱን ያወራችኋል። ሰዓቱን ካወቃችሁ ደግሞ አብራችሁ መላ መምታት ትችላላችሁ።

ሱሱን መተው አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ቢተው ደስታዬ ነው፣ አጥብቃችሁም አግዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንን፣ ሄሮይንን ተክቶ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ በፈረንጆቹ 2005 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሜታዶን የሚያገኝ ሰው የኤችአይቪ መድኃኒቱንም በደንብ ይይዛል። ግን አንዱን ለሌላው መያዣ አታድርጉት።

አንድ ነገር ላይ ስትሳሳቱ አያለሁ። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ከሆነ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም፤ ይህን በልበ ሙሉነት ንገሩት። መርፌ ለሚጋራ ሰው ግን ይህ ዋስትና በጥናት አልተረጋገጠም፤ መርፌ በመጋራት የሚተላለፈውን የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ሲን፣ ደግሞ የኤችአይቪ መድኃኒት አይነካውም። ስለዚህ የቫይረስ መጠኑ ወርዶ አብራችሁት ስትደሰቱ የሄፓታይተስ ምርመራ እዘዙለት፣ ንጹሕ መርፌ ከየት እንደሚያገኝም ጠይቁት።