ራምፕ ላይ ዕቃ ከጠፋብሽ ቶሎ ተናገሪ

እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ሥራ አበቃሽ። «ሥልጠና ላይ ቀኑን ሙሉ ስለ ፎድ ሲነግሩን ዋሉ። አውሮፕላን ከመግባቱ በፊት ተሰልፈን መሬት መሬት እያየን እንድንለቅም ያደርጉናል። ይሄ የጽዳት ሠራተኛ ሥራ አይደለም ወይ? እውነት አንዲት ብሎን አውሮፕላን ትጎዳለች?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚህ አሜሪካ ራምፕ ላይ፣ ማለትም አውሮፕላን ቆሞ በሚጫንበትና በሚራገፍበት ሜዳ ላይ፣ ስሠራ 11 ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አዎ፣ ትጎዳለች። ፎድ የሚባለው አውሮፕላን በሚሄድበት መሬት ላይ መኖር የሌለበት ነገር ሁሉ ነው። ብሎን፣ ጠጠር፣ የሻንጣ ጎማ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ እስክሪብቶ።

ቦይንግ 737 አጠገብ ስትቆሚ ሞተሩን ልብ ብለሽ እዪው። ከሥር ጠፍጠፍ ያለ ነው። ከመሬት ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። ሞተሩ ኃይል ሲጨምር የሚስበው ከፊቱ ያለውን አየር ብቻ አይደለም። ከመሬቱ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የአየር ሽክርክሪት ይፈጠራል። በበጋ ሜዳ ላይ አቧራ እያነሳ የሚዞረውን ነፋስ አስቢው። መሬቱ እርጥብ ሲሆን በዓይንሽ ታዪዋለሽ፤ ውሃውን እንደ ክር እየመዘዘ ወደ ላይ ያወጣዋል። ጠጠርና ብሎንም በዚያው መንገድ ነው የሚገቡት። ጠጠር ሜዳ ላይ እንዲያርፉ ለተዘጋጁት 737-200ዎች ከሞተሩ ፊት አየር ወደ ታች የምትነፋ ቱቦ ትገጠምላቸው ነበር። ሥራዋ ያንን ሽክርክሪት መበተን ብቻ ነው።

የሚያስፈራው ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ መቻሉ ነው። ሞተሩ ውስጥ ከሚሽከረከሩት ስስ ክንፎች የአንዷ ጫፍ ትንሽ ትሸረፋለች። አውሮፕላኑ ይበራል፣ ይመለሳል። ያቺ ሽርፍራፊ ግን ቀስ በቀስ ወደ ስንጥቅ ልታድግ ትችላለች።

ጎማም አለ። ኮንኮርድ የተባለውን አውሮፕላን ታሪክ ሳትሰሚ አትቀሪም። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም ፓሪስ ሻርል ደጎል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ዲሲ-10 አውሮፕላን ተነሳ። ከላዩ 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም የቲታኒየም ቁራጭ መንደርደሪያው ላይ ወደቀች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኮንኮርዱ እየተንደረደረ በጎማው ረገጣት። ጎማው ፈነዳ። አራት ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን የጎማ ቁራጭ ተወርውሮ ክንፉን ከሥር መታው። የነዳጁ ጋን ተቀደደ፣ እሳት ተነሳ። ተሳፍረው የነበሩት 109 ሰዎች በሙሉ፣ መሬት ላይም 4 ሰዎች አለቁ። ቁራጯን ብታያት የእጅሽን ክንድ ያህል እንኳን አትሆንም ነበር። ይሄን ለአዲስ ልጆች ስነግር ሁሌም ሆዴ ይረበሻል።

ምግብም ፎድ ነው። የጣልሽው ዳቦ ወፍ ይጠራል። መስከረም 1981 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ አንድ 737 ሲነሳ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብቶ፣ አውሮፕላኑ ተከስክሶ 35 ሰው ሞቷል። የዚያን ቀን እርግቦቹን ያመጣቸው ምግብ ነው እያልኩሽ አይደለም። ወፍ ሞተር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ እንድታውቂ ነው። ስለዚህ ምሳሽን ራምፕ ላይ አትብዪ።

ወደ አገር ቤት የሚሄድ በረራ ሲደርስሽ ደግሞ ዓይንሽን ክፈቺ። የኛን ሰው ሻንጣ ታውቂዋለሽ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ተለጥፎ፣ በገመድ ታስሮ ነው የሚመጣው። ሻንጣው በሚጫንበት ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ሲወጣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ጎማው ይነቀላል። አንድ ሻንጣ ባለፈ ቁጥር ከሥሩ የቀረውን እዪ። ላስቲክ ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይዞት ቀጥሎ ወደቆመው አውሮፕላን ይሄዳል።

«የጽዳት ሠራተኛ ሥራ አይደለም ወይ?» ላልሽው፣ አይደለም። ጠራጊ መኪና በሰዓቱ ያልፋል። ካለፈ በኋላ የሚወድቀውን ዕቃ የሚያየው ግን እዚያ የቆመ ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጥለውም እኛው ነን።

የራሴን ልንገርሽ። ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ክረምት፣ ሌሊት፣ በረዶ። ከአውሮፕላኑ ጎማ ሥር ታኮውን ላወጣ ቀኝ ጓንቴን አውልቄ ብብቴ ሥር ያዝኩ። አውሮፕላኑ ወደ ኋላ መገፋት ከጀመረ በኋላ እጄን በረደኝ። ጓንቱ የለም። ለአፍታ ዝም ልበል ብዬ አሰብኩ። ሥራዬን የማጣ መሰለኝ። ከዚያ ሁለቱን የመብራት ዱላዎች አጣምሬ ከፍ አደረግሁ፤ ቁም ማለት ነው። አውሮፕላኑን የሚገፋው መኪና ሹፌር አቆመ፣ ለካፒቴኑ በሬዲዮ ነገረው። ሞተሩ ገና አልተነሳም። ጓንቱን ከቀኙ ሞተር ፊት ለፊት፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አገኘሁት። በረዶ ሸፍኖት ጣቶቹ ብቻ ይታዩ ነበር። በረራው አምስት ደቂቃ ዘገየ። የዚያን ሌሊት የፈረቃችን ኃላፊ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እንኳን ተናገርክ።»

እኔም ለማሠለጥናቸው ልጆች መጀመሪያ የማስተምረው ይሄንን ነው። ዕቃ ቢጠፋብሽ፣ እርግጠኛ ባትሆኚም፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ተናገሪ። ማንም ቢያጉረመርም ግድ አይስጥሽ።

ሰኞ ስትገቢ ዚፕ ያለው ኪስ ያለበት ጃኬት ልበሺ። መታወቂያሽን ከልብስሽ ጋር አጥብቀሽ እሰሪው። እስክሪብቶ ደረት ኪስሽ ላይ አትሰኪ፤ ስታጎነብሺ የሚወድቀው እሱ ነው። የለቀምሽውንም ኪስሽ ውስጥ አትክተቺ፣ ለፎድ ወደተቀመጠው ባልዲ ክተቺው። የብረት ቁራጭ ወይም ብሎን ካገኘሽ ግን ባልዲ ውስጥ አትጣዪው። ለኃላፊሽ ስጪው። ከየትኛው አውሮፕላን እንደወደቀ መታወቅ አለበት።